የቤንዚን ሂሳብ

ሰማያዊ ደብተር አለኝ፣ ከቪትዟ በር ኪስ፣
ቀኑን፣ ሊትሩን፣ ብሩን የምጽፍበት ስመለስ።
ዐሥራ አራት ነበር፣ ለአንድ ሊትር ኪሎ ሜትሩ፣
ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ሐረጎን ወርዶ መዞሩ።
ሰኔ ላይ ዐሥራ ሁለት። ሐምሌ ላይ ዐሥር ገባ።
ነሐሴን ስደምረው ዘጠኝ ሆነና፣ ቆጠባ
የሚሉት ቃል አፈረ።

የሂሳብ ሰው ነኝና በጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ፣
ቁጥር ሲጎድል ሌባ እንጂ አይታየኝም ለካ።
መጀመሪያ ማደያው። ቀጂውን ልጅ ጠረጠርኩ፤
በሁለት ሊትር ሃይላንድ ሞልቼ ለካሁት፤ ልክ ነው። አፈርኩ።
ቀጥሎ የግቢው ዘበኛ፣ ላስቲክ ቱቦ ይዞ ያየሁት፤
ጽጌረዳ ነው የሚያጠጣ፤ እሱንም በልቤ ፈታሁት።

ከዚያ የቀረው አንዋር። የአብራኬ ክፋይ፣ ዐሥራ ዘጠኙ፤
መንጃ ፈቃድ ካወጣ ወዲህ ቁልፉን ዓይኖቹ ሲመኙ።
እራት ላይ፣ እናቱ ፊት፣ “ሌሊት ማን ይነዳታል?” አልኩ።
ቀና ብሎ አየኝ፣ ጎረሰ፣ ዝም አለ። ቁልፉን ደበቅኩ።
ሦስት ሳምንት በቤታችን ጨው እንኳ በምልክት ተጠየቀ፤
ቁልፉ ትራሴ ሥር አድሮ እንኳ ዘጠኙ ስምንት ላይ ወደቀ።

ቧንቧ ውሃ፣ ከጎሚስታው ጀርባ፣ ውብሸት ጋራዥ አለው፣
ሰሌዳ የለውም፤ አሮጌ ኮፈን ነው በሩ ላይ የሰቀለው።
“ትበላለች” አልኩት። “ሲያረጁ ይበላሉ” አለኝ ሳይስቅ፤
ካንዴላ ፈታ፤ ከሰል መስሏል፤ በጥርስ ብሩሽ እስኪደምቅ
ፋቀው። ዴፑራቶሪውን አውጥቶ በመዳፉ ቢያራግፍ፣
የኮምቦልቻ አቧራ ወጣ፣ የጤፍ ገለባ፣ የንብ ክንፍ።
“በዚህ አፍንጫ ትተንፍስ?” አለና ጉንጩን ነፋ፤
የፊት ቀኟን ጎማ ቢለካ ከሰላሳው ዐሥሩ ጠፋ።

ሦስት ቀን ነዳሁ፤ ዘጠኝ ተኩል። ደብተሬን ይዤ ተመለስኩ።
“እንግዲያ ኦክስጅን ሴንሰር ነው” አለ፤ ዋጋውን ሰምቼ ተቀመጥኩ።

ያኔ ነው ረዳቱ ሉባባ፣ የቱታዋን እጅጌ ሁለቴ ያጠፈች፣
“አሁን ከኮምቦልቻ ነው?” ብላ፣ መልሴን ሳትጠብቅ ጎንበስ ያለች።
በእጇ ጀርባ፣ የልጇን ግንባር እንደምትዳስስ እናት፣
የፊት ቀኝ ነካች፤ የፊት ግራ፤ የኋላ ቀኝ። ምንም የለባት።
የኋላ ግራ —
“ውይ!” ጣቷ ከአፏ ገባ።
“ቸርኬው እሳት ነው። ክሪክ!”

መኪናዋ ተነሣች። ሌላው ጎማ በጣት ይዞራል፤
ይቺኛዋ በሁለት እጅ ተገፍታ ታጓራለች።
የእጅ ፍሬኑ ገመድ ዝጎ፣ ሸራው ከታምቡሩ ተጣብቆ፣
ክረምቱን ሙሉ አልለቀቀኝም፤ ፍሬኑን ፈታሁ ስል እሱ አጥብቆ።
ያን ሁሉ ዳገት የወጣሁት ለካ እንደተያዝኩ፣
በአንድ እግሬ እየገፋሁ በሌላው እየሳብኩ።
“ማታ ሲያቆሙ በኃይል ነው የሚስቡት?” አለች።
ሌባ ፈርቼ፣ ልል ነበር። ዋጥኩት።

ዝገቱን በቤንዚን አጠበች፤ ገመዱን ቀየረች፤ ቅባት ቀባች፤
ጎማዋ በትንሽ ጣት ተነክታ ሰባት ጊዜ ዞራ ቆመች።
ውብሸት ሴንሰሩን አላነሳም። ዋጋው? የሳምንት ቤንዚን።

ዐሥራ ሦስት ተኩል ሲሞላልኝ፣ ደብተሩን ከፍቼ፣
ቁልፉን ከላዩ አስቀምጬ፣ አንዋር ፊት ትቼ፣
ይቅርታ የሚሉት ነገር ዓምድ የለውምና፣
“ጎማዋ ነበረች” አልኩት። “የኋላ ግራ” አልኩ እንደገና።

ቁጥሮቹን በጣቱ ተከተለ፤ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፤
ከዚያ ሳቁን አምቆ፣ “አባ፣ ካላባረርከኝ ከደሴ…
ነሐሴ ላይ፣ አንድ ሌሊት፣ እስከ ሆጤ ደርሼ መጥቻለሁ።
ከዚህ ሁሉ አንዷ ሊትር የእኔ ናት። እከፍላለሁ።”

እስክሪብቶ አነሣሁ። “አንድ ሊትር፣ ከአንዋር ተሰብሳቢ” አልኩ ከላይ፤
ከሥሩ፣ እጄ ትንሽ ዘግይቶ፣ “ሦስት ሳምንት ዝምታ፤ ለአንዋር ተከፋይ።”